ለአስፋልቱም ለኮረኮንቹም የሚሆን ግራቭል ሳይክል እንዴት ይመረጣል?

«ግራቭል ሳይክል ልገዛ ነው፤ የቱን ትመክረኛለህ?» ይህ ጥያቄ በቴሌግራምም በስልክም፣ ቡና ላይም ይመጣል። ጠያቂው ብዙ ጊዜ የሁለት ሳይክሎች ፎቶ ይልክልኝና አንዱን ምረጥልኝ ይላል። እኔ ደግሞ መልሼ የምጠይቀው ስለ ጎማው ስፋት፣ ስለ ቀላሉ ማርሽና ስለ ጠያቂው እግር ርዝመት ነው። በየጊዜው ከምደግመው አንድ ቦታ ጽፌ ላስቀምጠው።

መመሪያው በዋናነት አዲስ አበባና ዙሪያዋ ለምትነዱ ነው። በሥራ ቀን አስፋልት፣ ሰፈር ውስጥ ኮብልስቶን፣ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ፒስታ። ሐዋሳ ወይም ባሕር ዳር ላላችሁም ደረጃዎቹ ያው ናቸው። እዚያ መንገዱ ሜዳ ስለሆነ ማርሹ ላይ ትንሽ ዘና ማለት ትችላላችሁ።

ግራቭል የምንለው መሪው እንደ ኮርስ ሳይክል ወደ ታች የታጠፈ፣ ጎማው ከኮርስ በደንብ የሰፋ፣ ፍሬኑ የዲስክ የሆነውን ነው። ከአስፋልት የማትወጡ ከሆነ ኮርስ ይሻላችኋል። ደስ የሚላችሁ ድንጋይ ለድንጋይ መዝለል ከሆነ ደግሞ የፊት ሞላ ያለው ባለ 29 ኢንች ማውንቴን ግዙና ይህን ጽሑፍ እዚህ ላይ ተዉት። ሁለቱንም በአንድ ሳይክል ለምትፈልጉ እንቀጥል።

የሚያስፈልጓችሁ ነገሮች

- የስፌት ሜትርና ባለ 30 ሳንቲም ማስመሪያ
- ጠንካራ ሽፋን ያለው መጽሐፍ (እግር ለመለካት)
- ወረቀትና እስክሪብቶ፣ ካልኩሌተር ያለው ስልክ
- ባለ ስድስት ጎን ቁልፎች፤ 4፣ 5 እና 6 ሚሊሜትር
- የግፊት መለኪያ ያለው የጎማ መንፊያ
- እርጥብ ጨርቅ (ቆሻሻ ስንጥቅ ይደብቃል)
- ሄልሜት፣ ለሙከራ ጉዞው

1. መንገዳችሁን ጻፉ

በሳምንት ውስጥ የምትሄዱባቸውን መንገዶች አንድ በአንድ ጻፉ። ከመቶ ስንት እጁ አስፋልት ነው? ስንት እጁ ኮብልስቶን? ስንት እጁ ፒስታ? ከፒስታውስ ክረምት ላይ ጭቃ የሚሆነው ምን ያህሉ ነው? ከሲኤምሲ ካዛንቺስ ሥራ የሚመላለስና እሁድ እንጦጦን አልፎ ሱሉልታ ደርሶ የሚመለስ ሰው አብዛኛው መንገዱ አስፋልት ነው። ሰንዳፋ አካባቢ ገብቶ በእርሻ መሀል የሚዞር ሰው ግን ሌላ ሳይክል ያስፈልገዋል።

ከዝርዝሩ ውስጥ በየሳምንቱ የሚያጋጥማችሁን በጣም መጥፎ መንገድ ምረጡና አስምሩበት። ሳይክሉ የሚመረጠው ለዚያ መንገድ ነው። በዓመት አንዴ ለምትሄዱበት ብላችሁ ከመረጣችሁ ዓመቱን ሙሉ ከባድ ጎማ ስትገፉ ትከርማላችሁ። ለጥሩው አስፋልት ብላችሁ ከመረጣችሁ ደግሞ ኮብልስቶኑ እጃችሁን ያደነዝዘዋል።

2. የጎማውን ስፋትና የፍሬሙን ክፍተት ወስኑ

ይህ ከሁሉም በላይ የሚያስጨንቀኝ ደረጃ ነው። ማርሽ ይቀየራል፣ ኮርቻ ይቀየራል፣ መሪም ይቀየራል። ፍሬሙ የሚቀበለው የጎማ ስፋት ግን አይቀየርም።

- አብዛኛው መንገዳችሁ አስፋልት ከሆነ፦ ከ35 እስከ 38 ሚሊሜትር
- የተደባለቀ ከሆነ፦ ከ40 እስከ 45 ሚሊሜትር
- ልቅ ጠጠርና ድንጋይ የሚበዛበት ከሆነ፦ ከ45 እስከ 50 ሚሊሜትር

ግራ ከገባችሁ 42 ወይም 45 የሚቀበል ፍሬም ግዙና 40 ጎማ ግጠሙለት። ሰፊ ጎማ አነስተኛ ነፋስ ይዞ ስለሚሄድ ንዝረቱን ይውጣል፤ መሬቱንም ይጨብጣል። አስፋልት ላይ የምታጡት ፍጥነት የምትፈሩትን ያህል አይደለም። ፍጥነት የሚበላው ስፋቱ ሳይሆን የጎማው ጥርስ ትልልቅ መሆኑ ነው። መሀሉ ለስላሳ፣ ጎንና ጎኑ ጥርስ ያለው ጎማ ለእኛ መንገድ ይበቃል።

አሁን ክፍተቱን ለኩ። የሚለካባቸው ቦታዎች ሦስት ናቸው፦ የኋላ ጎማው ከፔዳሉ ማዕከል (የፔዳሎቹ ክንዶች ከሚዞሩበት ቦታ) ጀርባ በሁለቱ ቱቦዎች መሀል የሚያልፍበት፣ ከኮርቻው በታች ሁለቱ ቀጭን ቱቦዎች የሚገናኙበት፣ ከፊት ደግሞ የፎርኩ (የፊት ጎማውን የያዘው ሹካ) ጣሪያ ሥር። ጎማው ተነፍቶ ሳለ በየጎኑ ቢያንስ 6 ሚሊሜትር ባዶ ቦታ ይኑር። የትንሿ ጣታችሁ ጫፍ ሳትጨናነቅ ካለፈች መጥፎ አይደለም። የጭቃ መከላከያ ልትገጥሙ ካሰባችሁ ተጨማሪ ቦታ ያስፈልጋል።

ለምን ይህን ያህል? በዋልካ ምክንያት። ዝናብ የጠጣ ዋልካ ከጎማው ጋር ይዞራል፤ እየዞረም ገለባና ጠጠር ይሰበስባል። ክፍተቱ ጠባብ ከሆነ ከፔዳሉ ማዕከል ጀርባ ይጠቀጠቅና መጀመሪያ ቀለሙን ይፍቃል። ቀጥሎ ጎማው ከናካቴው መዞር ያቆማል። በእንጨት ትጎረጉራላችሁ፣ ሃምሳ ሜትር ትሄዳላችሁ፣ እንደገና ይቆማል። ከዚያ በኋላ ሳይክሉ ትከሻችሁ ላይ ነው። በካርቦን ፍሬም ላይ ደግሞ ያ ጠጠር የሚፍቀው ቀለም ብቻ አይደለም።

ሌላው የጎማው ቁጥር ነው። የጎማው ጎን ላይ «40-622» የሚል ጽሑፍ ፈልጉ። የመጀመሪያው ስፋቱ ነው፤ ሁለተኛው ጎማው ቸርኬው ላይ የሚቀመጥበት ዲያሜትር በሚሊሜትር። «700ሲ» የሚባለውና ባለ 29 ኢንች ማውንቴን ሁለቱም 622 ናቸው። ይህ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። የግራቭል ከመነዳሪ ብታጡ ጠበብ ያለ የ29 ኢንች ከመነዳሪ ይሠራላችኋል። «650ቢ» የሚባለው ደግሞ 584 ሲሆን ከ27.5 ኢንች ማውንቴን ጋር አንድ ነው። ቁመታችሁ አጠር ያለ ከሆነ 650ቢ ጥሩ ምርጫ ነው። ለሌላው 700ሲ ይሁን።

*ማስጠንቀቂያ፦* ከመግዛታችሁ በፊት የከመነዳሪውን ቫልቭ እዩ። ብዙ ግራቭል ቀጭኑን ቫልቭ ነው የሚጠቀመው፤ የቸርኬው ቀዳዳም ጠባብ ነው፣ 6.5 ሚሊሜትር ገደማ። የመኪና ዓይነቱ ወፍራም ቫልቭ ወደ 8.5 ስለሚጠጋ አይገባም። የሰፈር ጎሚስታ መንፊያ ደግሞ በወፍራሙ ልክ የተሠራ ነው። ትንሿን የነሐስ መቀየሪያ ገዝታችሁ ቀጭኑ ቫልቭ ላይ አስራችሁ ተዉአት። እሷ ከሌለች ጎሚስታው ሊረዳችሁ ቢፈልግም አይችልም።

3. ቀላሉን ማርሽ በካልኩሌተር አስሉ

ሻጭ የማርሹን ብዛት ይነግራችኋል። «22 ማርሽ ነው!» ብዛቱ ዳገት አያወጣም። የሚያወጣው ቀላሉ ማርሽ ነው፤ እሱም በአንድ ማካፈል ይታወቃል፦ ከፊት ካሉት ባለ ጥርስ ክቦች የትንሹን የጥርስ ብዛት ከኋላ ላለው ለትልቁ የጥርስ ብዛት አካፍሉ። ቁጥሩ ብዙ ጊዜ ጥርሱ ላይ ተቀርጿል፤ ካልሆነ ቁጠሩት።

- ፊት 46/30፣ ኋላ 11-34፦ 30 ÷ 34 = 0.88
- ፊት አንድ 40፣ ኋላ 11-42፦ 40 ÷ 42 = 0.95
- ፊት 50/34፣ ኋላ 11-28 (የተለመደ ኮርስ)፦ 34 ÷ 28 = 1.21

ለአዲስ አበባ ከ1 በታች ካልሆነ አትግዙ። ሻንጣ ጭናችሁ የምትሄዱ ወይም ገና ጀማሪዎች ከሆናችሁ 0.9 እና ከዚያ በታች ፈልጉ።

ምክንያቱን በቁጥር ልንገራችሁ። ባለ 40 ሚሊሜትር ጎማ አንድ ዙር ሲዞር ወደ 2.2 ሜትር ይሄዳል። ፔዳሉን በደቂቃ 60 ጊዜ ብታዞሩ በ0.88 ማርሽ በሰዓት 7 ኪሎ ሜትር ትሄዳላችሁ። በ1.21 ግን ያንኑ ያህል ለማዞር በሰዓት 9.6 ኪሎ ሜትር መሄድ ይጠበቅባችኋል። እናንተና ሳይክሉ አንድ ላይ 85 ኪሎ ከሆናችሁ፣ 10 በመቶ ዳገት ላይ ክብደቱን ወደ ላይ ለመግፋት ብቻ የመጀመሪያው 160 ዋት ገደማ ይፈልጋል፤ ሁለተኛው ከ220 በላይ። 220 ዋትን ለረጅም ሰዓት መያዝ ላልሠለጠነ ሰው ከባድ ነው። ስለዚህ በከባዱ ማርሽ ፔዳሉ እየዘገየ ይሄድና ጭነቱ ጉልበት ላይ ያርፋል። ከሽሮ ሜዳ እንጦጦ ማርያም ሲወጡ ቆመው የሚያቃስቱትን ተመልከቱ፤ የብዙዎቹ ችግር ልብና ሳንባ ብቻ አይደለም፣ ማርሽ ነው። በዚያ ላይ ከተማው ራሱ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው። የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል። ውጭ አገር የተጻፈ «ይህ ማርሽ ይበቃል» የሚል ምክር እንጦጦን አያውቅም።

ፊት አንድ ባለ ጥርስ ክብ ወይስ ሁለት? አንዱ ቀላል ነው፤ የሚበላሽ ነገር ይቀንሳል፣ ጭቃም አይጠራቀምበትም። ፍጥነት ያጥራል የሚሉትን አትስሙ። 40 ፊት፣ 11 ኋላ ሆኖ በደቂቃ 90 ብታዞሩ 43 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነው። የአንዱ እውነተኛ ጉድለት ከማርሽ ወደ ማርሽ ያለው ዝላይ መስፋቱ ነው፤ አስፋልት ላይ ነፋስ ስትጋፈጡ የምትፈልጉት ማርሽ ሁልጊዜ በሁለቱ መሀል የቀረው ይሆናል። እኔ ግማሽና ከዚያ በላይ አስፋልት ለሚነዳ ሰው ሁለቱን፣ በተለይ 46/30ን እመክራለሁ። ማስተካከል ለሚሰለቸው አንዱን።

4. ቁመታችሁን ሳይሆን እግራችሁን ለኩ

ጫማ አውልቃችሁ ግድግዳ ተደገፉ። እግሮቻችሁን በ15 ሳንቲም ያህል ክፈቱ። መጽሐፉን በጀርባው በኩል ወደ ላይ አድርጋችሁ በእግሮቻችሁ መሀል ኮርቻ ላይ የተቀመጣችሁ ያህል ጠበቅ አድርጉት። ከመጽሐፉ የላይ ጫፍ እስከ ወለሉ ሌላ ሰው ይለካላችሁ።

ያን ቁጥር በ0.883 አባዙት። የሚገኘው ከፔዳሉ ማዕከል እስከ ኮርቻው አናት ያለው ግምታዊ ርቀት ነው። እግራችሁ 80 ሳንቲም ከሆነ ወደ 70.6 ሳንቲም ይመጣል። የምታዩት ሳይክል ኮርቻ ወደዚያ ቁመት መድረስ አለበት፤ የኮርቻው ቱቦ ላይ የተጻፈውን የመጨረሻ ምልክት ሳያልፍ። ቀጥሎ ሳይክሉን በእግሮቻችሁ መሀል አድርጋችሁ ቁሙ። ከላይኛው ቱቦና ከእናንተ መሀል ቢያንስ 3 ሳንቲም ይኑር፤ ልቅ ጠጠር ላይ በድንገት ስትወርዱ ዋጋው ይገባችኋል።

ለመነሻ ያህል፣ በቁመታችሁ የሚሆናችሁ የፍሬም መጠን፦

- ከ160 እስከ 168 ሳንቲም፦ 50 ወይም 52
- ከ168 እስከ 175፦ 52 ወይም 54
- ከ175 እስከ 182፦ 54 ወይም 56
- ከ182 እስከ 190፦ 56 ወይም 58

ይህ ዝርዝር መነሻ ብቻ ነው። የአንዱ ፋብሪካ 54 የሌላው 56 ሊሆን ይችላል። የሁለት ሳይክሎችን መጠን ስታወዳድሩ ፋብሪካው ድረ ገጽ ላይ የሚያወጣውን ሠንጠረዥ ክፈቱና ሁለት ቁጥር ፈልጉ፦ «ሪች» እና «ስታክ»። ሪች ከፔዳሉ ማዕከል እስከ መሪው አንገት በአግድም ያለው ርቀት ነው፤ ስታክ ደግሞ በቁመት ያለው። ሪቹ ከበዛ ትዘረጋላችሁ፤ ወገብና አንገት ያማል። ስታኩ ካነሰ ትጎነበሳላችሁ። ለረጅም ሰዓት ኮረኮንች መንገድ ስታኩ ከፍ ያለው ይመረጣል። በሁለት መጠን መሀል ከሆናችሁ ትንሹን ውሰዱ። ትንሽ ፍሬም መሪውን በማስረዘም ይስተካከላል፤ ትልቁን ማሳነስ ግን ገደብ አለው።

አጭር ለሆናችሁ አንድ ተጨማሪ ፈተና፦ ፔዳሉን አግድም አድርጋችሁ መሪውን አዙሩ። የጫማችሁ ጫፍ ከፊት ጎማው ጋር ይነካካል? በትንንሽ ፍሬሞች ላይ የተለመደ ነው፤ በኮብልስቶን ዳገት ላይ ቀስ ብላችሁ ስትጠመዘዙ ግን ይጥላል።

5. ፍሬን፦ ማን ይጠግንላችኋል?

የዲስክ ፍሬን ይሁን፤ በዚህ ላይ ክርክር የለም። ጥያቄው በሽቦ ነው ወይስ በዘይት የሚለው ነው። የዘይቱ በአንድ ጣት ይይዛል፤ ከእንጦጦ ስትወርዱ እጅ አይዝልም። የሽቦው ይከብዳል፤ ነገር ግን ሽቦ ቢበጠስ የትም ይገኛል፣ በሁለት ቁልፍም ይስተካከላል። ሰፈራችሁ ውስጥ የዘይት ፍሬን አየር የሚያወጣ ሰው ካወቃችሁ የዘይቱን ግዙ። ካላወቃችሁ ጥሩ የሽቦ ፍሬን ይበልጣል።

*ማስጠንቀቂያ፦* የዘይት ፍሬን ሁለት ዓይነት ፈሳሽ አለው፤ ሚኒራል ኦይልና ዶት። ሺማኖ የሚባለው ፋብሪካ ሚኒራል ኦይል ነው፤ ስራም (SRAM) የሚባለው ፋብሪካ የግራቭል ፍሬኖች ግን በአብዛኛው ዶት ናቸው። አንዱን በሌላው ቦታ ብትጨምሩ የውስጡ ጎማ ያብጣል ወይም ይበላሻል፤ ፍሬኑም ይከዳል። መኪና ጋራዥ ውስጥ «ያው የፍሬን ዘይት ነው» ቢሏችሁ እንዳትሰሙ። የመኪናው ዶት ነው፤ ሺማኖ ውስጥ አይገባም።

6. ፍሬሙ ከምን ይሠራ?

አሉሚኒየም። ዋጋው ከካርቦን ያነሰ ነው፤ ድንጋይ ሲፈናጠርበት ያጎደጉዳል እንጂ ቶሎ አይሰነጠቅም። ብረት ምቹ ነው፤ ቢሰበር ይበየዳል፤ ግን ይከብዳል፣ የሳይክል ቱቦ ቀጭን ስለሆነም በያጁ ማወቅ አለበት። ካርቦን አዲስ ከሆነና ገንዘቡ ካላችሁ ጥሩ ነው። ያገለገለ ካርቦን ታሪኩን ከማታውቁት ሰው አትግዙ፤ ወድቆ ውስጡ የተሰነጠቀ ከውጭ ላይታይ ይችላል።

ከብረቱ ዓይነት ይልቅ እነዚህን ሁለት ነገሮች እዩ። አንደኛ፣ የፔዳሉ ማዕከል ኩሽኔታ እንደ ቡሎን በጥርስ ተጠምዝዞ የሚታሰር ይሁን። ተጠቅጥቆ የሚገባው ዓይነት አቧራና ጭቃ ሲገባው ይንጫጫል፤ ለመቀየርም ልዩ መሣሪያ ይፈልጋል። ሁለተኛ፣ የጭቃ መከላከያና የዕቃ መጫኛ የሚታሰርባቸው የቡሎን ቀዳዳዎች ይኑሩት። ክረምት ላይ ሥራ ቦታ ከነጭቃችሁ መግባት አትፈልጉም።

7. ያገለገለ ከሆነ በዚህ ቅደም ተከተል መርምሩ

ሀ) *ሰነድ።* ከፔዳሉ ማዕከል ሥር ያለውን መለያ ቁጥር ፎቶ አንሱ። ተፍቆ ከሆነ ተመለሱ። ደረሰኝ ወይም የጉምሩክ ወረቀት ካለ ቁጥሩን አመሳክሩ። ከሌለ ሻጩ በመታወቂያው የሽያጭ ውል ይፈርም። የተሰረቀ ሳይክል በርካሽ ገዝቶ ፖሊስ ጣቢያ ማስረከብ ውድ ነው።

ለ) *ፍሬም።* በእርጥቡ ጨርቅ ጠርጋችሁ በስልክ መብራት እዩ። የመሪው አንገት ጀርባ፣ ወደ ታች የሚወርደው ቱቦ ሆድ፣ የብየዳዎቹ ዳርና የኮርቻ ቱቦው ማሰሪያ ዙሪያ። ቀለሙ ላይ ፀጉር የመሰለ መስመር ካያችሁ ጥፍራችሁን አስኪዱበት። ከያዘ ስንጥቅ ነው ብላችሁ ተነሱ።

ሐ) *የኮርቻ ቱቦ።* ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ፈትታችሁ ከፍና ዝቅ አድርጉት። ግሪስ ሳይቀባ ዓመታት የቆየ ይጣበቃል። የተጣበቀውን ማስለቀቅ አንዳንዴ ፍሬሙን ያስከፍላል። ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል፤ ሻጩ ቁመቱ እንደ እናንተ ስለሆነ ብቻ ያልታየ ችግር ይሆናል።

መ) *ሰንሰለት።* ማስመሪያውን ዘርጉ። አዲስ ሰንሰለት ላይ ከአንዱ ፒን ማዕከል ተነሥታችሁ 20 ፒን ስትቆጥሩ በትክክል 254 ሚሊሜትር ነው። ከ255 ትንሽ ካለፈ ሰንሰለቱ ይቀየራል። 256.5 ከደረሰ የኋላውም ጥርስ አብሮ አልቋል ማለት ይቻላል፤ የሁለቱን ዋጋ ከሳይክሉ ዋጋ ላይ ቀንሱ። ድርድር ላይ ከማስመሪያ የበለጠ ምስክር የለም።

ሠ) *ቸርኬና ዲስክ።* ጎማውን አንሥታችሁ አዙሩ። ግራ ቀኝ ይወዛወዛል? ጥቂት ከሆነ ሽቦዎቹን በማስተካከል ይድናል፤ ብዙ ከሆነ ቸርኬው ታጥፏል። የሺማኖ ዲስክ አዲስ ሲሆን 1.8 ሚሊሜትር ውፍረት አለው፤ 1.5 ሲደርስ ይጣላል።

ረ) *ኩሽኔታዎች።* የፊት ፍሬኑን ይዛችሁ ሳይክሉን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ገፋ ገፋ አድርጉ። መሪው አንገት ላይ «ቀጭ ቀጭ» ካለ ልቅ ነው ወይም አልቋል። የፔዳሉን ክንድ ይዛችሁ ወደ ጎን ግፉ፤ መነቃነቅ የለበትም።

ሰ) *ማርሽ።* የኋላውን ጎማ አንሥታችሁ ሁሉንም ማርሽ ወደ ላይም ወደ ታችም ቀያይሩ። የኋላ ማርሽ መቀየሪያው የሚንጠለጠልባት ትንሽ ብረት ሃንገር ትባላለች። ከኋላ ሆናችሁ ስታዩ መቀየሪያው ቀጥ ብሎ ካልተንጠለጠለ ሳይክሉ በቀኝ በኩል ወድቆ ያውቃል።

8. ሃያ ደቂቃ ንዱት

በመጀመሪያ ጎማውን ራሳችሁ ለክታችሁ ንፉ። ሻጭ ብዙ ጊዜ ድንጋይ አድርጎ ነው የሚነፋው፤ በዚያ ግፊት ጥሩ ሳይክልም መጥፎ ይመስላል። ከዚያ ኮርቻውን ባሰላችሁት ቁመት አድርጉና ውጡ።

አስፋልት ላይ በሁለቱም እጅ ቀለል አድርጋችሁ ያዙ፤ ወደ አንድ ጎን ይስባል? ኮብልስቶን ላይ ግቡ፤ የሚንጫጫውን ስሙ። ዳገት ፈልጋችሁ ቀላሉን ማርሽ አስገቡና ተቀምጣችሁ ውጡ። ቁልቁለት ላይ በታችኛው የመሪው ክፍል ይዛችሁ ፍሬን ያዙ። ጣቶቻችሁ ሳትዘረጉ ይደርሳሉ? ካልደረሱ የፍሬኑ እጀታ በትንሽ ቡሎን ወደ ውስጥ ሊቀርብ ይችላል፤ ያን ጠይቁ እንጂ በዚያ ብቻ አትጣሉት።

9. ዘመድ ከውጭ የሚያመጣላችሁ ከሆነ

ከዲሲም ከፍራንክፈርትም የሚመጣ ሰው ካገኛችሁ «አንድ ጥሩ ሳይክል» ብላችሁ አትላኩት። ይህን ላኩለት፦ የፍሬም መጠን፣ ሪችና ስታክ፣ ቢያንስ 42 ሚሊሜትር የሚቀበል ክፍተት፣ ቀላሉ ማርሽ ከ1 በታች፣ የፔዳል ማዕከሉ በጥርስ የሚታሰር። ከሳይክሉ ጋር የዚያው ሞዴል ሃንገር ሁለት፣ የፍሬን ሸራ ሁለት ጥንድ፣ ሰንሰለት ማያያዣና ከመነዳሪ ይጨምር። ሃንገር ከሞዴል ሞዴል ስለሚለያይ እዚህ ፈልጋችሁ አታገኙትም። ትንሽ ብረት ናት፤ ስትታጠፍ ግን ሳይክሉ ለወራት ይቆማል።

ሲታሸግ ጎማዎቹ ከወጡ በኋላ በዘይት ፍሬኑ ሸራዎች መሀል የፕላስቲክ ወይም የካርቶን ቁራጭ ይግባ። ካለዚያ በመንገድ ላይ እጀታው ከተጫነ ሸራዎቹ ይገናኙና ዲስኩ አይገባም። ከእንግሊዝ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ የፊት ፍሬኑ በቀኝ እጅ ነው፤ ከአሜሪካና ከአብዛኛው አውሮፓ የሚመጣው በግራ ነው። ሳታውቁ ቁልቁለት ላይ አትሞክሩት።

ብዙ ጊዜ የማያቸው ስህተቶች

*ገንዘቡን ሁሉ ሳይክሉ ላይ መጨረስ።* ካላችሁ ገንዘብ ከመቶ 15 እስከ 20 እጁን ለሄልሜት፣ ለመብራት፣ ለመንፊያ፣ ለቁልፍና ለመለዋወጫ አስቀሩ።

*«ኮርስ ገዝቼ ሰፊ ጎማ እገጥምለታለሁ» ማለት።* የድሮ ኮርስ ፍሬሞች ብዙዎቹ ከ25 ወይም 28 ሚሊሜትር በላይ አይቀበሉም። 40 በምንም መንገድ አይገባም።

*ክብደት ማሳደድ።* ግማሽ ኪሎ የቀለለ ሳይክል ዋጋው በብዙ ይጨምራል። ሁለት ኮዳ ውኃ ስትሞሉ ልዩነቱ ጠፋ።

*የማይግባቡ ዕቃዎች መቀላቀል።* የሺማኖ እጀታ ከስራም የኋላ መቀየሪያ ጋር በአብዛኛው አይሠራም፤ ሽቦውን የሚስቡት በተለያየ ልክ ነው። የሺማኖ የኮርስና የማውንቴን ዕቃም ሁልጊዜ አይጣጣምም።

*ጎሚስታ ጋ «ሙላው» ማለት።* የመኪናው መንፊያ የሳይክል ጎማ የሚሞላው በሰከንዶች ነው። ራሳችሁ ያዙት፣ ራሳችሁ ለኩት። ከመነዳሪ ያለው ባለ 40 ሚሊሜትር ጎማ ላይ 75 ኪሎ የሚመዝን ሰው ፊት 35፣ ኋላ 40 ፒኤስአይ (የጎማ ግፊት መለኪያ) አካባቢ ይጀምር። ጠጠሩ ላይ ቢያንሸራትት ሁለት ሁለት ይቀንስ፤ ቸርኬው ድንጋይ ሲነካ ከተሰማው ይጨምር። ያለ ከመነዳሪ ቀዳዳ በሚዘጋ ፈሳሽ የሚሠራ ጎማ ከሆነ ከዚህ በ3 እስከ 5 ዝቅ ይላል። ጠርዙ መንጠቆ የሌለው ቸርኬ ከሆነ ከ72 ፒኤስአይ ፈጽሞ አይለፍ፤ ጎማው ከቸርኬው ይወጣል።

*ፈሳሹን መርሳት።* ወደ ሞጆና ዝዋይ አቅጣጫ የምትወርዱ ከሆነ የግራር እሾህ አለ፤ እዚያ ያለ ከመነዳሪ የሚሠራው ጎማ ይረዳል። በአንድ ጎማ ከ60 እስከ 80 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ይበቃል፤ ግን በጥቂት ወራት ውስጥ ይደርቃል፣ በሙቀት ቦታ ደግሞ ፈጥኖ። ጎማውን ከነቸርኬው አውልቃችሁ ስታራግፉት ውስጡ ካልተንቦጫረቀ ጨምሩበት። ፈሳሹ ቢኖርም አንድ ከመነዳሪ ከኮርቻው ሥር ይኑር፤ እሾህ ይዘጋል፣ በጠርሙስ የተቀደደ ጎን ግን አይዘጋም።

ከገዛችሁ በኋላ የመጀመሪያዎቹን 100 ኪሎ ሜትር ነድታችሁ ቡሎኖቹን ሁሉ ፈትሹ፤ የመሪውን፣ የኮርቻውንና የፔዳል ክንዶቹን። ብዙ ጊዜ ስንት ኒውተን ሜትር መታሰር እንዳለበት እዚያው አጠገቡ ተጽፏል፤ የመሪው 5 አካባቢ ነው። አዲስ የማርሽ ሽቦም በዚህ ጊዜ ትንሽ ይለቃል። ማርሹ ሲቀየር ካመነታ የተበላሸ እንዳይመስላችሁ፤ ሽቦው የሚገባበትን ትንሽ መዘውር ግማሽ ዙር ፈታ አድርጉትና እንደገና ሞክሩ።